የመስኮት ተረኞች

«ለእናትሽ ምንም እንዳትዪ፤ እሺ የኔ እሜቴ?»

ፈታሿ ይህን የሰማችው ፊቷን በሳሙና እንደለቀለቀች ነው። ከመጋረጃው ማዶ፣ አባቷና ልጇ በሚተኙባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንሾካሹካል። ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው አሰብ አደረገችና «ከጠየቀችኝስ?» አለች። «ከጠየቀችሽማ... እንዳትጠይቅሽ አድርጊያ!» አለ አያት፤ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ሳቁ። ሳሙናው የፈታሿ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያቃጥላታል። ጆጉን አንስታ እንዳትታጠብ፣ የውሃው ድምፅ ቀጣዩን ቃል ሊወስድባት ነው፤ ዓይኗን ጨፍና እያቃጠላት ቆመች። ቀጣይ ቃል ግን አልመጣም። የመጣው የልጅቷ ጫማ ኮቴ ነው፤ ልጅቷም እናቷን በሩ ላይ ስታገኛት «እንደምን አደርሽ እማዬ» ብላ ጉንጯን ከነሳሙናው ስማት አለፈች። ስማት አለፈች! ምንም እንዳልተፈጠረ።

ፈታሽ ናት ስንል መንገድ ላይ ሰው የምታስቆም እንዳይመስላችሁ። በአንድ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ፣ ሴት ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ ቦርሳቸውን የምትከፍት፣ ብብታቸውንና ወገባቸውን የምትዳብስ እሷ ናት። ይህን ሥራ ከጀመረች ወዲህ የሰው ልጅ ጨዋታ አይጥማትም። ክር የደበቀች ሴት ሰላምታ ታበዛለች፤ ጨርቅ ወገቧ ላይ የጠመጠመች ደግሞ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ ታወራለች፤ ምንም ያልያዘችዋ ናት ተበሳጭታ የምትመጣው። ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጦ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ጎረቤት ስኳር ተበድራ ስትመልስ እንኳ «ምነው ዛሬ ከወሰደችው አብልጣ መለሰች?» ብላ የምታስብ ሴት ናት። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሰው ናት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አባቷ አፍ፣ «ለእናትሽ እንዳትዪ» ሲባል የሰማችው። አልጮኸችም። በእጇ ሳትይዝ መናገር የሥራዋ ደንብ አይደለም።

ይህቺ ልጅ ደግሞ ተራ ልጅ አይደለችም፤ የእናቷ የዕድሜ ልክ ሥራ ናት። የልጅቷ አባት ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ የሄደ፣ እስከ ዛሬም ቶሎ ያልመጣ ሰው ነው። እናትም ያን ቀን ለራሷ ማለች፦ ይህቺ ልጅ የማትዋሽ ሰው ትሆናለች፣ ሌላው ሁሉ ይቅር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማታ ማታ ራት ሳይቀርብ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ዛሬ ምን አጠፋሽ? ዛሬ ለማን ደግ ሆንሽ? እውነቱን ከተናገረች ብርጭቆ ብትሰብርም፣ ሰው ብትሳደብም፣ ዱላም ቁጣም የለም። ከዋሸች የሚመጣው ቅጣት ምን እንደሆነ ግን ልጅቷ ዋሽታ ስለማታውቅ ማንም አላየውም። ጎረቤቶች «ቤትሽን ፍርድ ቤት አደረግሽው እኮ» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ ግድ የላትም። ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ሁሉም መጥተው የሚጠይቁት ያቺኑ ልጅ ነው፤ እሷ አላየሁም ካለች አላየችም፤ ተወስዷል ካለችም ተወስዷል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ለሁለተኛው ጥያቄ የልጅቷ መልስ አንድ ዓይነት ሆነ። «ለአባባ ደግ ሆንኩለት።» ምን አድርገሽ ስትባል «መንገድ ላይ ረዳሁት» ትላለች። ትናንትም እሱ፣ ከትናንት ወዲያም እሱ። እናት መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ አያቷን የምትወድ ልጅ ማን ይጠላል? እያደር ግን ያ መልስ በቃል እንደተጠና ነገር ጆሮዋን ኮረኮራት። ሌላም ሌላም አለ። አባቷ አሮጌ ነጭ ሚኒባስ አለው፤ በእሷ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። የፊት ወንበር የልጆቹ ሁሉ ተራ ነበር፤ አሁን ግን እሱ እሜቴ ከሚላት የልጅ ልጁ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። የልጅቷ ኪስ ከረሜላ አይጠፋውም፤ የከረሜላ ዋጋ ደግሞ ጣራ በነካበት ጊዜ! ሽማግሌው ጋዜጣ ማንበብ ትቷል፤ «ምን ይጻፋል ብለሽ ነው» ይላል። ማታ ከሰፈር ሽማግሎች ጋር ወጥቶ መጫወቱን ትቷል፤ «ብርድ ነው» ይላል፤ ብርድ ሳይኖር። ልጅቷን እየደለለ አንድ ቦታ ይወስዳታል፤ ይህ ለፈታሿ ከተገለጠላት ሰንብቷል። ወዴት ነው የሚወስዳት? ይህ ነው ያልተገለጠው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ጠረጴዛዋን ከበው ተቀመጡ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት ቢባል ይቀላል፤ መጋረጃው ነው ሁለት ያደረጋት። ግድግዳው ላይ አከራይዋ ሳትቀባው የቀረ ቦታ አለ፤ ኪራይ ለመጨመር ስትመጣ ግን ሁሌም ያንኑ ቦታ እያየች «አሳድሰዋለሁ» ትላለች። አባት እጁን ጠረጴዛው ላይ አንሸራትቶ ዳቦውን ነካ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን ነካ፣ ሻይው ፈሰሰ። «እጅህ ምነው?» አለች ፈታሿ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ። «እርጅና ነዋ» አለ። ልጅቷ ብድግ ብላ በጨርቅ ጠረገችና ብርጭቆውን እጁ ውስጥ አስገባችለት። እናት ያየችው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ ነገር የያዘ ሰው እጅ። «ዛሬ በየት በኩል ነው የምትሄዱት?» አለች በድንገት። አባቷ «እንደ ወትሮው» አለ። ልጅቷ ዳቦዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ አፍ ሲሞላ አይጠየቅምና። ከዚያ ወዲያ ማንኪያውን እንኳ ቀስ ብለው ነበር የሚያስቀምጡት።

ሥራ ቦታ ውላ ምን ሠራሽ ብትሏት አታውቀውም። የሰው ቦርሳ ትከፍታለች፣ የሰው ቦርሳ ትዘጋለች፤ ልቧ ሚኒባሷ ውስጥ ነው። አንዲት እድሜ ልኳን ክር ሰርቃ የማታውቅ አሮጊት ልብስ ሰፊ ለምሳ ስትወጣ ሁለቴ ዳብሳት ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ስትዘረጋ፣ አሮጊቷ «ልጄ፣ ቆዳዬንም ልግፈፍልሽ?» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አብራት የምትፈትሸው ሳቂታ የሚሏት ሴት ከጎኗ ጎትታ አስቀመጠቻትና «ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ልታስነሺብን?» አለች። ነገረቻት። ሳቂታ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «አንቺ ሞኝ! ሽማግሌው ሚስት ሊያገባ ነው! ልጅቷን እየያዘ እጮኛው ቤት ይሄዳል፣ ከረሜላው አፍ ማስያዣ ነው። ከረሜላውን የሚገዛውስ ከማን ነው? ሰፈራችሁ ሱቅ ካላት ከዚያች መበለት አይደለም?» ከመበለቷ ነበር። ፈታሿ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አባቷ ቢያገባ መልካም፤ ዕድሜው ነው ምን አገባት። ግን የእሷን ልጅ፣ ያቺን የማትዋሽ ልጅ፣ በከረሜላ ሲያስዋሻት? አለቃዋን «ልጄን አሟታል» ብላ አስፈቀደችና ገና ፀሐይ ሳትዞር ወጣች። ልጄን አሟታል ያለችው ውሸት መሆኑ ትዝ ያላት ታክሲ ውስጥ ነው፤ እሱንም ወዲያው ረሳችው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ ተለጥፋ ቆመች። ሚኒባሷ ዛፉ ሥር ቆማለች። አባቷ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ እጮኛው ከፊቱ የምትመጣ ይመስል ዓይኑን አይነቅልም። ልጆቹ መጡ። መጀመሪያ መንታዎቹ ገቡ፣ ቀጥሎ የአናጢው ልጅ፣ ከሰውነቱ የተነሳ ድቡልቡል የሚሉት። እሜቴ ግን ትንሿን የነርሷን ልጅ ከክፍሏ ልታመጣት ወደ ግቢው ተመልሳ ገባች። ፈታሿ ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው። ምን ተከትዬ እሮጣለሁ፤ ውስጡ ተቀምጬ የሚወስደኝን ቦታ አላይም? በኋላ በኩል ዞረች፣ ተንሸራታቹን በር ከፈተች፣ ገባች። ልጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አባቷ ወደ ኋላ ዞረ። ፊት ለፊት አያት። በሁለት ክንድ ርቀት፣ ዓይን ለዓይን።

«ማነው የገባው? ድቡልቡል፣ አንተ ነህ?»

ድቡልቡል ፈታሿን አየ፣ ጣቷን አየ፣ «አዎ አባባ» አለ። አባቷም ተመልሶ ዞረ። ፈታሿ ደሟ ፈላ። እያየኝ! እያየኝ እንዳላየ ሆነ! ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይሄ? ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ አጎንብሳ ተደበቀች፤ መንታዎቹ ሳቃቸውን ለመያዝ እርስ በርሳቸው ተቆነጣጠጡ። ድቡልቡል ግን ነገሩ ጨዋታ መስሎት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና በሹክሹክታ «እትዬ፣ እርስዎም መስኮት ተሰጥቶዎታል?» አላት። ምን መስኮት ነው የሚለኝ ብላ ሳትጨርስ፣ እሜቴ ትንሿን ልጅ አስገብታ በሩን ዘጋችና ፊት ወንበር ላይ ወጣች። ሞተሩ ተነሳ።

«መንገዱ ነፃ ነው። ውጣ» አለች የልጇ ድምፅ። ማታ ማታ መልስ የምትሰጥበት ድምፅ አይደለም፤ ጎላ ያለ፣ ቁርጥ ያለ ነው። ሚኒባሷ ቀስ ብላ ወጣች። «ቀጥ በል። መብራቱ ቀይ ነው፤ ቀስ... ቀስ... አሁን ቁም።» ቆመ። ከግራ በኩል የነርሷ ልጅ በቀጭን ድምፅዋ «ሞተር ሳይክል አለ! አለፈ!» አለች። ከቀኝ መንታዎቹ ተቀባበሉ፦ «አንድ ሰውዬ ጋሪ ይዟል።» «ቆሟል፣ አይሻገርም።» ድቡልቡል ወደ ኋላ ዞሮ «ከኋላ የጭነት መኪና፣ ሩቅ ነው» አለ። «አረንጓዴ» አለች እሜቴ፤ ሚኒባሷም ሄደች። ፈታሿ ከወንበሩ ጀርባ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። መጀመሪያ ምንም አልገባትም፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንዴ ገባት። ሴት የለችም። እጮኛ የለም። አባቷ አያይም።

ልትጮህ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ብትጮህስ? ደንግጦ መሪውን ቢስተውስ? እዚህ ውስጥ የሰው ልጆች አሉ፤ የገዛ ልጇ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀ ሰው ስትይዝ የኖረች ሴት ዛሬ ራሷ ተደብቃ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ፈጣሪን ትለማመጣለች። እስከዚያች መታጠፊያ አድርሰን፤ እስከዚያች ብቻ። ልጆቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። እያንዳንዱ መስኮቱን እንደ ዘበኛ ይጠብቃል፤ ያየውን ይናገራል፤ ሌላው ላይ አይጮህም፤ አንዱም ሌላውን አያቋርጥም። በቤታቸው እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። «ቁም!» አለች እሜቴ ድንገት። ፍሬኑ ጮኸ፤ ሁሉም ወደ ፊት ተወረወሩ። የዕቃ ካርቶን ተሸክሞ ከመኪኖች መሃል የወጣ ሰውዬ ከሚኒባሷ አፍንጫ ሥር ቆሞ «ዓይን አልፈጠረብህም?» ብሎ ተሳደበና አለፈ።

«አባዬ» አለች ፈታሿ ከኋላ። «ጥግ ያዝና ሞተሩን አጥፋው።»

እሜቴ ዞራ እናቷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። እንዲያም ሆኖ ተራዋን አልለቀቀችም፤ «ወደ ቀኝ አባባ... ትንሽ... በቃ» ብላ ጥግ አስያዘችው። ሞተሩ ጠፋ። እናት ያን ሁሉ ፍርሃት የምታወርድበት አጣችና ያወረደችው ልጅቷ ላይ ነው። «አንቺ ውሸታም! እኔን! እናትሽን! ማታ ማታ ፊቴ ቁጭ ብለሽ!» ልጅቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቀና አለች። «አልዋሸሁም። ለማን ደግ ሆንሽ አልሽኝ፣ ለአባባ አልኩሽ። ምን አጠፋሽ ብለሽ ስትጠይቂኝ ደግሞ...» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደግ መሆን ጥፋት ነው እንዴ?» ፈታሿ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እነሱም ያዩዋታል።

«ልጅቷን ተያት» አለ አባቷ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። «ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃኑ ይታየኛል፣ ጥላው ይታየኛል። መንገዱን ጎማዬ ያውቀዋል። የቀረውን እነሱ ይነግሩኛል።» ለምን አልነገርከኝም አለችው፤ ለምን አልነገርከኝም አባዬ አለችው ደግማ። «አንድ ቀን ልነግርሽ ተቀምጬ ነበር» አለ። «ያን ቀን አከራይዋ መጥታ ሄዳለች። አንቺም ተናደሽ፣ ‹አንተ ደግሞ ከዚህች መኪና ወርደህ ግድግዳ ስትጠብቅ የምትውል ቀን እኔ አብጃለሁ› አልሽኝ። ስቀሽ ነው ያልሽው፤ አውቃለሁ። እኔም ስቄያለሁ።» ትዝ አላት። ብላዋለች። ቀልድ ነበር፤ እንደ ቀልድ ነው የወጣው። አፈረች፤ የምትገባበት እስክታጣ አፈረች። ግን ደግሞ ድቡልቡል የወንበሩን ጠርዝ አሁንም ጨብጦ ነበር፤ ያን ስታይ ቁጣዋ ተመለሰ።

ሚኒባሷን እዚያው ቆልፈው በእግር ተነሱ። እሷ የነርሷን ልጅና እሜቴን ይዛ፣ መንታዎቹ አባቷን መሃል አድርገው፣ ድቡልቡል ከኋላ ቦርሳውን እየጎተተ። የመጀመሪያው የመንታዎቹ ቤት ነው። ፈታሿ በመንገድ ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ እንዲህ ሆነ፣ አባቴ አያይም፣ ልጆቻችሁ እንደ ዓይን ሲያገለግሉት ኖሩ፣ ይቅር በሉን። በሩ ተከፈተ። የመንታዎቹ እናት እርጥብ እጇን በልብሷ እያበሰች ፈገግ አለችና «እንዴ! በእግር? መኪናው ምን ሆኖ?» አለች። ፈታሿ የሴትየዋን ፊት አየች። በየቀኑ የምትዳብሳቸው ሴቶች ሲፈተሹ ምን እንደሚሰማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው» አለች።

«አይ ድካማችሁ! እግዜር ይስጥልን። አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የት ይገኛል፤ በእግርም ቢሆን አደረሱልን» አለች ሴትየዋ። መንታዎቹ ተያይተው ገቡ። እሜቴ እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። አናጢው ዘንድ ደርሰው ያንኑ ስትነግረው ደግሞ ሰውየው መጋዙን አስቀምጦ የእንጨት ብናኙን ከቅንድቡ አራገፈና «ምኑ ነው የተበላሸው?» አለ። ሞተሩ ነው አለች። «የማውቀው መካኒክ አለ፤ ነገ በጠዋት ልላክላችሁ?» አይ፣ አግኝተናል አለች። «ማንን?» አለ፤ ሰው የሚረዳ ሰው ጥያቄው ብዙ ነው። አንዱን መካኒክ ፈጠረች፤ የሚሠራበትንም ቦታ ፈጠረች። ድቡልቡል «አባዬ፣ መኪናው እኮ...» ሲል አባቱ «ግባና እጅህን ታጠብ» ብሎ አስገባው። ፈታሿ ላብ በላብ ሆና ወጣች። መንገድ ላይ እሜቴ ወደ እናቷ ቀና ብላ «እማዬ፣ ይሄ ውሸት ነው ወይስ ደግነት?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ዝም ብለሽ ሂጂ» አለቻት።

ነርሷ ቤት ግን አባቷ አላስቀደማትም። እጁን ከልጅቷ ትከሻ ላይ አንስቶ፣ በሩን በመዳፉ ፈልጎ፣ ራሱ አንኳኳ። ነርሷ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ ነጩን ጋውን አላወለቀችም። ፈታሿ «መኪናው» ስትል አባቷ አቋረጣት። «መኪናው ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የማላየው። ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጅሽን በጨለማ ስነዳት ነው የከረምኩት።» ነርሷ የሰማችውን አላመነችም፤ ፈገግ ልትል ሁሉ ቃጣት። ያን ጊዜ ትንሿ ልጅ ደረቷን ነፍታ «እኔ የግራ መስኮት ነኝ! ሞተር ሳይክል የምነግረው እኔ ነኝ!» አለች። እናት ልጇን ብብቷ ሥር ጎትታ ደበቀቻት። «በልጄ ነፍስ! በልጄ ነፍስ ነው የተጫወቱት! እኔ በእርስዎ አምኜ፣ የሰው በሽተኛ ሳስታምም እየዋልኩ፣ እርስዎ...» ጎረቤት ብቅ ብቅ አለ። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተቀበለ፤ አንድም ቃል አልመለሰም። ነርሷ መሳደቡን ሳትጨርስ ድንገት ቀረበችና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለሰችው። የዓይኑን ሽፋን በአውራ ጣቷ ከፍታ አየች፤ የሌላውንም አየች። «ሞራ ነው» አለች፤ አሁን የባሰ ተናዳለች። «ይሄ እኮ ይገፈፋል! ተናግረው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ያዩ ነበር! የኛ ሐኪም ቤት ይምጡ። ልጄን ግን ከዛሬ ጀምሮ አያገኟትም።» በሩን ዘጋችባቸው። ከውስጥ የትንሿ ልጅ ለቅሶ ይሰማል።

አባቷ የተዘጋው በር ፊት ቆሞ ቀረ። «ይገፈፋል አለች?» አለ። «አዎ፣ ይገፈፋል አለች» አለችው ፈታሿ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላወቀችም፤ እሱም ያወቀ አይመስልም። ፊቱን ከበሩ መልሶ «ወደነዚያ ቤቶች መልሱኝ። እነሱም ከእኔ ይስሙ» አለ። «አንተ የድርሻህን ተናግረሃል» አለችው ፈታሿ። «እነዚያ ቤት የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ከነርሷ አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ብቻዋን መንገድ ጀመረች። እሜቴ ከኋላዋ «እኔስ ልምጣ?» አለች። እናት ቆመች። አትምጪ ልትል ነበር፤ ይህን ነገር ልጇ እንድታይባት አልፈለገችም፤ ዓለም ሁሉ ቢያይ ይሻላታል። «ነይ» አለች።

የመንታዎቹ እናት በሩን ስትከፍት እንደ ቅድሙ እርጥብ እጇን እያበሰች ነበር። «እንዴ፣ ተመለስሽ! ምን ረስታችሁ ነው? ግቢ እንጂ፣ ምነው በር ላይ» አለች። ፈታሿ አልገባችም። ልጇ ከጎኗ እንደቆመች ታውቃለች፤ ወደ ታች ግን አላየችም።

«ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው» አለች።

የሴትየዋ ፈገግታ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር።